በራሱ የሚጠፋ ሕመምም ሐኪም ይየው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስትሮክ የጻፋችሁትን አንብቤያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እጅና እግር ድንገት ሲደነዝዝ ወደ ሆስፒታል ሩጡ ማለታችሁ ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚመጣውና በራሱ ጊዜ ስለሚጠፋው መደንዘዝ እንድትጽፉ እፈልጋለሁ። ሕመሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። ታናሽ እህቴን ይዟታል።

የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የአንጎልን፣ የሕብለ ሰረሰርንና የዓይንን ነርቭ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል።

እህቴን መጀመሪያ የያዛት ግራ ዓይኗን ነው። ስታንቀሳቅሰው ያማታል። በጥቂት ቀን ውስጥ እይታዋ ጉም ለበሰ። አንድ ቀን በርበሬ ስትለቅም አንዱን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፤ ከዚያ ሌላኛውን። «በዚህኛው ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ በዚህኛው ግን የታጠበ ጨርቅ ይመስላል» አለችኝ። መነጽር ታዘዘላት። በሳምንታት ውስጥ ዓይኗ ሲመለስ እናታችን ስለቷን አስገባች።

ከወራት በኋላ እግሯ ይደነዝዝ ጀመር። አንገቷን ስትደፋ ከማጅራቷ ወደ ወገቧ ኮረንቲ ይወርድባታል። ተኝታ ብታድርም ድካሙ አይለቃትም። ሽንቷን መያዝ ይቸግራታል፤ ይህን አፍራ ደብቃን ነበር። ግማሹ ሰው ብርድ መቷት ነው አለ፣ ግማሹ ጭንቀት ነው አለ። እንጀራ ስትጋግር ደግሞ ዓይኗ ይጋረዳል፤ ወጥታ ነፋስ ሲያገኛት ይመለሳል። ሙቀት የተጎዳውን ነርቭ ሥራ ስለሚያዳክም ነው። ሰፈሩ ግን «እሳት የማይወድ ነገር አለባት» እያለ ያወራ ነበር። ይህ ወሬ ከሕመሙ በላይ ጎድቷታል።

በመጨረሻ አንድ የነርቭ ስፔሻሊስት ስለ እግሯ እየጠየቋት ሳለ «ከዚህ በፊት ዓይንሽን አሞሽ ያውቃል?» አሏት። እስከዚያ ድረስ ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም። ኤም አር አይ ተነሳች፣ ከጀርባዋም ፈሳሽ ተወሰደ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ሌሎች ተመሳሳይ ሕመሞች አለመሆናቸውም ታየ።

ስለዚህ አንባቢዎችን የምለምነው ይህንን ነው። የዓይን መጋረድ፣ መደንዘዝ ወይም የእግር መዛል ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ቢለቃችሁም ዝም አትበሉ። መቼ እንደጀመረና መቼ እንደተወ ጻፉት፤ ወረቀቱን ለሐኪም አሳዩ። ሕመሙን ነቅሎ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን የለም። ማገርሸቱን የሚቀንሱ ግን አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ሦስቱን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ቶሎ መጀመር ይጠቅማል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

እናንተም አንድ የነርቭ ሐኪምና አንድ የዓይን ሐኪም አብራችሁ ጋብዛችሁ ብታነጋግሩልን ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ