ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለተነሳችሁልኝ

ይህን የምጽፈው ደምበጫ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ሻንጣዬ አልጋ ላይ ተከፍቶ ተዘርግቷል። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል፣ ከፋሲካ በፊት ወደ ጃፓን እበራለሁ። እማ ፋሲካን እዚህ ባለመዋሌ አኩርፋለች። እያኮረፈች ግን በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን እየጠቀጠቀች ነው፤ ሚዛን ላይ ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

ታሪኩን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስኮላርሺፑን ያገኘሁት በ2013 ነው። ጃፓን በኮሮና ምክንያት በሯን ዘግታ ስለነበር ዩኒቨርሲቲው “ቋንቋውን እዚያው ሆናችሁ በኢንተርኔት ጀምሩ” አለን። የጀማሪውን ደረጃ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሆኜ ጨረስኩ። መካከለኛው ጥቅምት 2014 ሲጀምር ሰው ላይ መክበዱ ሰለቸኝና አገሬ ገባሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ በሩ ለተማሪ ተከፈተ ሲባል እልል አልን፤ ከዚያ ኦሚክሮን የሚሉት የኮሮና ዝርያ መጣና ህዳር 21 ቀን፣ ለጽዮን፣ መልሰው ዘጉት። ሦስት ሳምንት ብቻ! ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ። የዚያ ህዳር የጦርነቱ ነገር ለሁላችንም ምን ይመስል እንደነበር ስለምታውቁት አልነካካውም።

ጃፓን ከእኛ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜያችን በእነሱ ጠዋት 9 ሰዓት ነው፣ በእኛ ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት። አዎ፣ ሁለቱም ዘጠኝ። እኛ የቀኑን ሰዓት ከንጋት፣ የሌሊቱን ከምሽት ስለምንቆጥር ከእነሱ ጋር ገጥሞ ቁጭ ይላል። ከመምህሬ ጀርባ ያለው የግድግዳ ሰዓት ዘጠኝ ይላል፣ የእኛ ሳሎን ሰዓትም ዘጠኝ ይላል፣ ልዩነቱ እሳቸው ጋ በመስኮት ፀሐይ ይገባል፣ እኛ ጋ ጅብ ይጮኻል። እማ አንድ ቀን ስክሪኑን አይታ “ሰዓቱ አንድ ከሆነ ፀሐይዋ ምን ሆና ነው እነሱ ጋ የሄደችው?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምስጋና ለእማ ነው። እማ የስልክ ደወል አታምንም። “ስልክ ይተኛል” ትላለች። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሌሊት 8 ተኩል ላይ ራሷ ተነስታ ከሰል አያይዛ ቡና አፍልታልኛለች። ቡና ብቻ ቢሆን ጥሩ። ክፍል ልገባ አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ “ብዪ፣ እኔን ይብላኝ፣ አንዲት ጉርሻ” ይመጣል። መካከለኛ ደረጃ ላይ “ታቤሳሴራሬታ” የሚባል አንድ ቃል አለ፤ ምላስ ይሰብራል። ሳልፈልግ እንድበላ ተደረግሁ ማለት ነው። የክፍሉ ተማሪ ሁሉ፣ ቬትናሙም ብራዚሉም፣ ምሳሌ አጥቶ ሲቸገር እኔ እጄን አወጣሁና “ሀሀ ኒ ታቤሳሴራሬማሽታ” አልኩ። እናቴ አስገድዳ አበላችኝ። ጉርሻው ገና አፌ ውስጥ ነበር።

ሁለተኛው ለአያ ነው። አያ የእናቴ ወንድም ናቸው፣ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፣ ካንጂ የሚባሉትን የጃፓን የጽሕፈት ምልክቶች ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው ብል አልዋሸሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት የድምፅ ፊደሎቻቸው መሠረታዊዎቹ 46፣ 46 ናቸው፤ ሀ ሁ ሂ ሃን ከነእንዚራው ለቆጠረ የጎጃም ልጅ ይሄ ጨዋታ ነው። ካንጂ ግን ሌላ ነው። ለዕለት ጽሑፍ ብለው የዘረዘሩት ብቻ 2136 ነው፣ ብዙው ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ንባብ አለው። አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ ከቻይና የመጣ። ተራራ የሚለው ምልክት ብቻውን ሲቆም “ያማ” ነው፣ ከሌላ ጋር ሲገጥም ብዙ ጊዜ “ሳን” ይሆናል። የፉጂን ተራራ ፉጂሳን እንጂ ፉጂያማ አይሉትም። እኔ በዚህ ተበሳጭቼ ደብተር ስወረውር አያ ምድጃ ዳር ሆነው ሰሙኝ።

“ምን ያስለቅስሻል? አንዱ ግእዙ፣ አንዱ አማርኛው ነዋ! ብቻውን ሲሆን ተራራ ትያለሽ። ሲናበብ ደብር ትያለሽ። ደብረ ማርቆስ እንጂ ተራራ ማርቆስ የሚል ሰምተሻል?”

አበቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ላይ አንዱን ረድፍ “ግእዝ”፣ ሌላውን “አማርኛ” ብዬ ጻፍኩ። ውሃ፣ በአማርኛው ሚዙ፣ በግእዙ ሱይ። ማይና ውሃ ማለት ነው። በቀን አሥር አሥር እየያዝኩ፣ ማታ ማታ ለአያ ቃሌን እሰጣለሁ። ምልክቱን ባያውቁትም ሳመነታ ያውቁብኛል፤ “ድገሚው” ይላሉ። ለሃምሳ ዓመት የቆየ የቅኔ ቤት ጭካኔ።

አያን አንድ ነገር ግን ይቅርታ ልጠይቃቸው። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ አንቱታ አለው፣ እንዲያውም ከእኛ ይብሳል፣ ግሡ ራሱ ይቀየራል። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ስለ አያ ለመምህሬ ሳወራ የክብር ግሥ ደረደርኩ። መምህሬ ሳቁና አረሙኝ፤ ለባዕድ ሰው ስትናገሪ የራስሽን ዘመድ ዝቅ ነው የምታደርጊው አሉኝ። ይሄን ለአያ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና “እና አሁን እዚያ አገር እኔን አንተ ነው የምትዪኝ?” አሉ። አያ፣ ሰዋስው ነው እንጂ በልቤ አይደለም።

ፊት ለፊታችን ፎቶ ኮፒ ቤት ያለዎት ጋሼ፣ የእርስዎን ውለታ በምን ልክፈል? መብራት ሳምንቱን ሙሉ ሲጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪ አርባ ደቂቃ ሲይዝ፣ ትምህርቱ ደግሞ ዘጠና ደቂቃ ሲሆን፣ ያችን ትንሽ ጄኔሬተር ማታ ማታ በጋሪ ያመጡልኝ ነበር። የቤንዚኑን ዋጋ ስጠይቅዎት “ስትመለሺ በጃፓን መኪና ትክሺኛለሽ” ብለው አለፉኝ። የጄኔሬተሩ ጩኸት እንቅልፍ የነሳችሁ ጎረቤቶችም፣ አንዳችሁም በሬን አላንኳኳችሁም። አንዲት እትዬ ብቻ ጠዋት አግኝተውኝ “ሌሊት ሌሊት ወፍጮ ከፈታችሁ እንዴ?” አሉኝ፣ ስነግራቸው ደግሞ መርቀውኝ ሄዱ።

ባሕር ዳር ላለሽው ጓደኛዬ፦ የማዳመጫ ልምምዱ ፋይል እዚህ ሊወርድልኝ እንዳልቻለ ስታውቂ እዚያ አውርደሽ፣ ፍላሽ ላይ ጭነሽ፣ በሚኒባስ ረዳት በኩል ላክሽልኝ። አራት ጊዜ። ረዳቱም ሁሌ “የቻይናዋን ዕቃ አምጥቻለሁ” እያለ ነው የሚጠራኝ። ጃፓን ነው ብዬ ማስረዳት ትቻለሁ።

የጎረቤታችን የአምስተኛ ክፍል ተማሪም አልረሳህም። ድርሰት የምንጽፈው 400 ካሬ ባለው ወረቀት ላይ ነው፣ ሃያ በሃያ፣ እያንዳንዱ ፊደል በየቤቱ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ። እንዲህ ያለ ወረቀት ደምበጫ የት አለ? ይሄ ልጅ በማስመሪያ አሰመረልኝ፣ በገጽ አንድ ብር ተዋውለን። ሃያ ሦስት ብር አለብኝ፣ ከመሄዴ በፊት እከፍልሃለሁ፣ እናትህ ጋ መክሰሱን አቁም።

ለአንድ ማህተም አራት ቀን ላመላለሰኝ መሥሪያ ቤት ምስጋና የለኝም። ወረፋው ላይ ሆኜ ግን ወደ ስልሳ ካንጂ ሸምድጃለሁና እኩል ነን።

አሁን ወደ ዋናው። መካከለኛ ደረጃ ላይ ሁሉም ሰው የሚሰናከልበት አንድ ቦታ አለ። ጃፓኖች “ዘነበ” ብለው ብቻ አይተዉትም፤ ዝናቡ ከጎዳቸው “አሜ ኒ ፉራሬታ” ይላሉ። መምህሬ ይሄን ሃያ ደቂቃ አስረዱ። ብራዚላዊው ጓደኛችን “ዝናብ እንዴት ሰው ላይ ይደረጋል?” ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ብቻዬን ሳቄን ማቆም አቃተኝ። ዝናብ ዘነበብኝ! ልጁ አለቀሰብኝ! ይሄ እኮ የእኛ ነው። በማግስቱ ደግሞ ተቃራኒው መጣ። አንድ ሰው ለእኔ ብሎ ያደረገውን ግሥ ላይ “ቴ ኩሬታ” ጨምረው ይናገሩታል፤ “ኮሂ ኦ ኢሬቴ ኩሬታ”፣ ቡና አፈላልኝ። ይህን ሳትጨምር ከተናገርክ ስህተት ባይሆንም ውለታ ቢስ ትመስላለህ አሉን። አንዲት “ልኝ” ናት እንግዲህ። ያን ቀን ደብተሬ ላይ ሁለት ረድፍ ሠራሁ፤ በአንዱ “ብኝ”፣ በአንዱ “ልኝ”። መብራት ጠፋብኝ፣ ኔትዎርክ ተቋረጠብኝ፣ በሩ ተዘጋብኝ። ይሄኛው ቶሎ አለቀ። ሁለተኛው ረድፍ ግን ገጹን ሞልቶ ወደ ሌላ ገጽ አለፈ፤ አፈላችልኝ፣ አመጡልኝ፣ አሰመረልኝ፣ ላከችልኝ፣ ዝም አሉልኝ። ይህ ደብዳቤ የዚያ ረድፍ ግልባጭ ነው።

የቃል ፈተናው ጥር መጨረሻ ላይ ነበር። ያጠናሁትን ስለ አካባቢ ጥበቃ በቃሌ ስወርድ የእኛ አውራ ዶሮ መስኮቱ ሥር ሆኖ ጮኸ። ፈታኟ ቆም አሉ። “ዶሮ ነው?” “አዎ።” “በእናንተ ምን ይላል?” “ኩኩሉ።” እሳቸው “በእኛ ኮኬኮኮ ነው” አሉ፣ ከዚያ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝና እስከ መጨረሻው ስለ እማ፣ ስለ ከሰሉና ስለ ጉርሻው አወራሁ። አለፍኩ። ማዳመጡ ለጥቂት ነው የተረፈው፣ ንግግሩ ግን ከክፍሉ ሁለተኛ። ዶሮው ለፋሲካ ታስቦ ነበር፣ እማን ለምኜ አስምሬዋለሁ።

የካቲት 22፣ በዓድዋ ዋዜማ፣ ጃፓን ለተማሪዎች በሯን ከፈተች። ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጣ።

ትምህርቱ ካለቀ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ትናንት ሌሊት ከሰል ሸተተኝና ብነሳ እማ ጀበናውን ጥዳ ቁጭ ብላለች። ሰዓቱን አየሁት፣ ዘጠኝ ሊሆን አሥር ጉዳይ። “እማ፣ ዛሬ እኮ ትምህርት የለም” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች። “ቁጭ በይ።”