ውጋቱ ለቀቀኝ ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ አሁንም «አባባ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች ታደርቀኛለች።

በስልክ እርስዎን ማሸነፍ አይቻልም። «እሺ፣ እሺ» ብለው ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ ይወስዱታል። ስለዚህ ጻፍኩት። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልዎት።

ሐኪሙ ደረትዎ ውስጥ ያለው ውሃ በመርፌ ይቀዳ ቢሉዎት፣ «ዋገምት ተደርጎልኝ ውጋቱ ለቆኛል፤ ምን ልሁን ብዬ መርፌ እወጋለሁ?» አሉኝ። ዋገምቱን አልነቅፍም። ግን ውጋቱን ያስለቀቀው እሱ አይመስለኝም። ነርስ ሆኜ ዋርድ ውስጥ እንዲህ የሚሉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ።

ሳንባ በሁለት ስስ ሽፋኖች የተከበበ ነው። አንዱ ሳንባው ላይ ተለጥፏል፤ ሌላው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ አልብሶታል። በመካከላቸው ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ በጤና ጊዜ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። በእሱ እየተንሸራተቱ ስለሚኖሩ ስንተነፍስ ምንም አይሰማንም። ሽፋኖቹ ሲቆጡ ግን ይሻክራሉ፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይፋተጋሉ። ሲያስሉና ሲስቁ ጎንዎን ሰቅዞ ይይዝዎት የነበረው ያ ነው። ሐኪም በማዳመጫ ሲያዳምጥ መፋተጉ ራሱ ይሰማል።

ከዚያ በሽፋኖቹ መካከል ውሃ ይቋጥራል። ውሃው ሲበዛ ሁለቱን ሽፋኖች ያራርቃቸዋል። መፋተጉ ይቆማል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ሰውየው «ተሻለኝ» ይላል። በምትኩ ግን ትንፋሽ ያጥራል። እርስዎስ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ መንገድ ላይ ማረፍ የጀመሩት ውጋቱ ከለቀቀዎት በኋላ አይደለም? እማዬ ናት የነገረችኝ፤ አይቆጧት።

ሐኪሙ ጀርባዎን በጣታቸው ሲያንኳኩ «ምን ይደበድበኛል» ብለው ስቀዋል አሉ። ዘዴው የቆየ ነው። በ1761 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለዚህ የጻፈው ኦስትሪያዊው ሐኪም አውንብሩገር የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበር፤ በርሜል እየተንኳኳ ወይኑ የት ድረስ እንዳለ ሲለይ እያየ ነው ያደገው ይባላል። እማዬስ የጠላውን ጋን አንኳኩታ ስንት እንደቀረ ታውቅ የለ? አየር ያለበት ደረት ያስተጋባል፤ ውሃ ያለበት ድፍን ድምፅ ይሰጣል። በማዳመጫም ቢሆን እዚያ ቦታ ላይ ትንፋሹ ይደክማል፣ ወይም ጭራሽ አይሰማም።

የእማዬ ደረት ሲር ሲር ማለት ሌላ ነው። እሱ የአየር ቧንቧ ሲጠብ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ የስንት ዘመን የምጣድ ጭስ ነው የገባባት! የእሷን ለብቻው እጽፋለሁ።

ሐኪሙ «ውሃ አለ፣ ይቀዳ» ብለው ብቻ መሸኘታቸው ግን አናዶኛል። ምክንያቱን ቢነግሩዎት እርስዎ የሚገባዎት ሰው ነዎት። ውሃውን ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ቲቢ፣ የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ራጅ ውሃ መኖሩን ያሳያል እንጂ ብዙ ጊዜ መነሻውን አይለይም። ውሃው ላቦራቶሪ ገብቶ መታየት አለበት። የማታ ትኩሳትና ላብ አለዎት፤ ከስተዋልም። በአገራችን እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። አክታዎ ተመርምሮ ቲቢ አልተገኘበትም መባሉ አያዘናጋዎት፤ ቲቢ ሽፋኑን ሲይዝ አክታ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከሆነም መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው የሚዋጠው።

«ጎረቤታችን ውሃ ተቀድተው በሳምንቱ ሞቱ» ይላሉ። እሳቸው እኮ የሄዱት በቃሬዛ ነው፣ ያውም ስንት ጊዜ ከቆዩ በኋላ! እርስዎ ቁጭ ብለው ጠረጴዛ ላይ ደገፍ ይላሉ። ቦታውን በአልትራሳውንድ አይተው ያደነዝዙታል፤ መርፌው ከጎድን አጥንቱ በላይ በኩል ይገባል። ያን ጊዜ አይንቀሳቀሱ፤ ሳል ከመጣ አስቀድመው ይንገሩ። ምንም ችግር የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። አልፎ አልፎ ሳንባው ይነካና በሽፋኖቹ መካከል አየር ይገባል፤ ለዚህ ነው ከተቀዳ በኋላም የሚከታተሉት። ውሃው ብዙ ከሆነም ሁሉንም በአንዴ አያወጡትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሊትር ተኩል አያሳልፉም።

ሐሙስ ወንድሜ ይዞዎት ይሄዳል። ራጁን አይርሱ። የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ ይያዙ፤ ደም የሚያቀጥን ካለበት ከመቀዳቱ በፊት ማወቅ አለባቸው። ቁጭ ብለው እንኳን ትንፋሽ ካጠረዎት ሐሙስን አይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ።

የመጓጓዣውን ገንዘብ ለወንድሜ ልኬያለሁ። ለማዳበሪያ እንዳያውሉት!

ልጅዎ