የሕፃናት ጌም አስቀድሞ በወላጅ ይፈተን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሕፃናትና ስለ ስልክ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ «ከልክሏቸው» ብሎ ያበቃል። በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ ግን ገና ነፍስ የማያውቅ ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ማየት የተለመደ ነው፤ በክረምቱ ብርድና ዝናብ ልጅ ከቤት ሲውልማ ይብሳል። እንግዲያው ወላጅ የሚሰጠውን ጌም እንዴት መምረጥ እንዳለበት በግልጽ ይነገረው።

በቅድሚያ ዕድሜ ይታይ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ 2 ዓመት ያልሞላው ልጅ ስክሪን ፊት እንዲቀመጥ አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ይገልጻል። እኔ ይህንንም በአንድ ጊዜ ከ15 ደቂቃ ባያልፍ እላለሁ።

«ትምህርታዊ» የሚለውን ጽሑፍ የሚለጥፈው ብዙ ጊዜ አፑን የሠራው ሰው ራሱ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ የሚታየው «3+»ም ይዘቱ ለሕፃን አይከፋም ማለት እንጂ ያስተምራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ልጁ ሳያየው ወላጅ ሩብ ሰዓት ያህል ራሱ ይጫወተው።

ሲጀምር ዳታና ዋይፋይ አጥፍቶ ይክፈተው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ልጁም ዳታና ዋይፋይ እንደጠፋ ይጫወተው፤ ያኔ ፓኬጅ አይበላም፣ ከኢንተርኔት አዲስ ማስታወቂያም አያስገባም። የማስታወቂያው መዝጊያ ጥግ ላይ ያለች ደቃቅ ምልክት ናት፤ ሕፃን ሊዘጋ ሲል ይስትና ማስታወቂያውን ይነካል፣ ሌላ ገጽ ይከፈታል። ፕሌይ ስቶር ከአፑ ስም ሥር ማስታወቂያ እንዳለውና በውስጡ ግዢ እንዳለ በትንሽ ጽሑፍ ይናገራል፤ ከማውረድ በፊት እሷን ማንበብ ነው። ካን አካዳሚ ኪድስ ለምሳሌ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም ግዢም የለውም፤ ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ስለሆነ ወላጅ አጠገቡ ሆኖ በአማርኛ ማስረዳት ይኖርበታል። በዜንደር ከሰው ስልክ የተላከ ወይም ሞባይል ቤት የተጫነ አፕ ማን እንደነካካው አይታወቅምና ለልጅ ባይሆን ይመረጣል። የእንስሳት ጌም ሆኖ የስልክ ቁጥሮቻችሁን ወይም ያላችሁበትን ቦታ ለማየት ፈቃድ ከጠየቀም አጥፉት።

ቀጥሎ ወላጅ ሆን ብሎ ይሳሳት። «በጓን ንካ» ሲለው ላሟን ይንካ፣ ከዚያ ዶሮዋን። ለስሕተቱም ኮከብና ጭብጨባ የሚያዘንብ ከሆነ ልጁ የሚማረው ስክሪን መደብደብ ብቻ ነው። ደህና ጌም ታግሶ ይጠብቃል፣ ጥያቄውን ይደግማል፣ ካልሆነም መልሱን ያሳያል። የ2 ዓመት ልጅ መንካት ይችላል፣ መጎተትም ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ መንካትና በሁለት ጣት ማስፋት ግን ይቸግረዋል። የሚነካው ሥዕል ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ፣ ምርጫውም ከ3 ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ድምፁ ነው። አንዳንድ የአማርኛ ጌሞች ላይ «ቀ» እንደ «ከ»፣ «ጠ» እንደ «ተ» ሆኖ ይሰማል፤ የሚጠብቀውም ይላላል። ልጅ አፉን የሚፈታው በሚሰማው ነው። ስለዚህ ቀጭኔ፣ ጥጃ፣ ጨረቃ የሚሉትን ቃላት ከፍታችሁ አድምጡ። ከተበላሹ ድምፁን ዘግታችሁ እናንተው ስሙን ጥሩለት። ጌም ሠሪዎችም አንደበቱ የቀና ሰው እንዲያነብላቸው ማድረግ አያቅታቸውም፤ ይህን አደራ እላለሁ። 33ቱን ፊደላት በ7 ቤት ዘርዝሮ 231 ሆሄ የሚያዥጎደጉድ አፕ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። ቀለም መለየት፣ ተመሳሳዩን ማዛመድ፣ እስከ 3 መቁጠር ይበቃል።

ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በስክሪን ያየውን ወደ እውነተኛው ነገር ማሻገር ይከብደዋል። በስልኩ 3 ብርቱካን ከቆጠረ ወዲያው 3 ድንች አስቀምጣችሁ አስቆጥሩት። ባቄላና ሽምብራ አይሁን፤ አፉ ከትቶ ሊታነቅ ይችላል። የመንዝ ልጅ በግ በደጁ ስለሚያይ በግ ያለበት ጌም ይቀድማል፤ ፔንግዊኑ በኋላ ይደርሳል።

ልጁ ከጌሙ ወጥቶ ስልክ እንዳይደውል ወይም ፎቶ እንዳያጠፋ፣ አንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ ሴኪዩሪቲ ከሚለው ሥር አፕ ፒኒንግን አብሩ፤ ስሙ ከስልክ ስልክ ሊለያይ ይችላል። ሲወጣ የሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ አድርጉ፤ ካላደረጋችሁ ልጁ ሲነካካ ያገኘዋል። በአይፎን ጋይድድ አክሰስ ይባላል።

ስልኩን ስትቀበሉትም መሐል ላይ አትንጠቁት። ዙሩ የሚያልቅበት ጌም ምረጡና «አንድ ዙር ቀረህ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሳያቋርጥ ራሱ ሌላ የሚከፍት ጌም ግን ማብቂያ ስለሌለው ልጁ በለቅሶ ነው የሚለየው። ከመኝታ በፊት ባለው 1 ሰዓት ደግሞ የትኛውም ጌም አይከፈት።

የቅድመ መደበኛ መምህርት
ከሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን