ስለ ልጆቻችን ጆሮ፤ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተላከ ደብዳቤ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኅዳር 18 እና 19 ስለሚደረገው የመስማት ምርመራ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤

እንደምን ሰነበታችሁ? በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስና ዓርብ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን በሙሉ ጆሮአቸው ይታያል፣ መስማታቸውም ይለካል። የፈቃድ ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ፈርማችሁ እስከ ሰኞ ኅዳር 15 በልጃችሁ እጅ ላኩልን። ጉዳዩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለት መስመር በጨረስሁት ነበር፤ ነገር ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ብዙ ስለሆነ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

በቋንቋችን «ይህ ልጅ አይሰማም» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ አይታዘዝም ነው፣ ሌላው ድምፅ አይደርሰውም። ሁለቱን እያምታታን ስንት ልጅ እንደቀጣን ሳስብ እጨነቃለሁ። እኔ ራሴ ቀጥቻለሁ። ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በሌላ ትምህርት ቤት፣ ከኋላ የሚቀመጥ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ስጠራው ዘወር አይልም። ከሰሌዳ ሲገለብጥ ጽሑፉ የሚያምር፣ ዲክቴሽን ላይ ግን ዜሮ የሚያመጣ ልጅ ነበር። ንቀት መስሎኝ ግድግዳ ሥር አቆምሁት፣ አንድ ቀን ሳይሆን ብዙ ቀን። ጓደኞቹ «ይሸታል» እያሉ ከአጠገቡ መነሳት ሲጀምሩ ነው ጆሮው ውስጥ የተወተፈውን ጥጥ ያየሁት። እናቱን አስጠርቼ ስጠይቃት ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደሚፈስና ሲያድግ ይተወዋል እንደተባለች ነገረችኝ። ልጁ 5ኛ ክፍልን ሳይጨርስ ትምህርቱን አቋረጠ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እርሱን እያሰብሁ ነው።

ጆሮ ከውጭ የሚታየው ብቻ አይደለም። ቅጠሉና ቀዳዳው ድምፅን ተቀብለው ወደ ውስጥ ይመሩታል፤ በዐዋቂ ሰው የቀዳዳው ርዝመት ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመጨረሻው ላይ ታምቡር የምንለው ስስ ቆዳ ተወጥሯል። ከታምቡሩ በስተኋላ ያለው መሐል ጆሮ አየር የሞላበት ጠባብ ክፍል ነው። እዚያም በቅርጻቸው መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የተባሉ ሦስት አጥንቶች ተያይዘው ይገኛሉ። ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ትንሿ እርካቧ ስትሆን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ናት። ታምቡሩ ሲርገበገብ እነርሱም ይነቃነቃሉ፣ ንቅናቄውንም ቀንድ አውጣ ወደሚመስለውና ፈሳሽ ወደሞላበት ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። በዚያ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ድምፁን በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካሉ። እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የማጅራት ገትር፣ ጆሮ ደግፍና ኩፍኝ ያለፈባቸው አንዳንድ ልጆች መስማታቸው ሳይመለስ የሚቀረው እነርሱ ወይም ነርቩ ሲጎዱ ነው። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መርፌዎችም ሊያጠፏቸው ይችላሉ፤ ስለዚህ መርፌ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወጋ።

እኛን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረን ግን መሐል ጆሮ ነው። ወደ እንጦጦ ስንወጣ ወይም ወደ አዋሽ ስንወርድ ጆሮአችን ድፍን ይልና ምራቅ ስንውጥ ይከፈታል። የሚከፈተው ከመሐል ጆሮ ወደ አፍንጫ ጀርባ የምትወርድ ቀጭን ቱቦ ናት። በሕፃናት ላይ ይህች ቱቦ አጭር ናት፣ ቁልቁለቷም ትንሽ ነው፤ በጉንፋን ጊዜ ጀርም ሽቅብ ለመውጣት አይቸገርም። ሕፃን ተኝቶ ጡጦ ሲጠባም ወተቱ በዚያው ሊሄድ ይችላልና ቀና አድርጋችሁ አጥቡ። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ልጆች ለጆሮ ሕመም የበለጠ ይጋለጣሉ። ጀርሙ መሐል ጆሮ ሲገባ መግል ይቋጥራል፣ ልጁ ሌሊት ያለቅሳል፣ ታምቡሩ ሲቀደድ መግሉ ይፈስና ሕመሙ ጋብ ይላል። ወላጅ «ተሻለው» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የታምቡር ቀዳዳ በራሱ ይደፈናል፤ መፍሰሱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ነገሩ ሥር እየሰደደ ነው። «ቆሻሻው ይውጣ፣ ከታገደ ወደ ጭንቅላት ይወጣል» ሲሉ የሰማኋቸው ወላጆች አሉ። ወደ ጭንቅላት የሚያደርሰው ግን ሳይታከም መቆየቱ ነው። ከጆሮ ጀርባ አብጦ ቅጠሉን ወደ ፊት ከገፋው፣ ፊት ከተጣመመ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር አንገት ከደረቀ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት።

ለሚፈስ ጆሮ ቤት ውስጥ ትልቁ ሥራ ማድረቅ ነው። ንጹሕ ስስ ጨርቅ ወይም ለስላሳ ወረቀት እንደ ፈትል አጠንጥናችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ ሲርስ አውጥታችሁ በሌላ ቀይሩ፣ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ። በቀን ሦስት ጊዜ ይህን አድርጉ፣ ውስጡ ግን አትተዉት። ጠብታውን ጤና ባለሙያ ይዘዝላችሁ፤ ታምቡሩ ለተቀደደ ጆሮ የማይሆን ጠብታ አለና። የሞቀ ዘይት፣ የጡት ወተት፣ የጤና አዳም ጭማቂ አታድርጉ። እናቶቻችን ይህን ያደረጉት በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም በተቀደደው ታምቡር በኩል የሚገባው ሁሉ በቀጥታ መሐል ጆሮ ይደርሳል። ፀጉር ስታጥቡም ጥጥ በቫዝሊን ነክራችሁ ጆሮውን ድፈኑ፣ ስትጨርሱ አውጡት።

ታምቡሩ ሳይቀደድ ከኋላው ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ልጅም አለ። አያመውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ማንም አያውቅለትም። እስቲ ሁለቱን ጆሮአችሁን በጣታችሁ ድፈኑና ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ፤ እርሱ ክፍል ውስጥ የሚውለው እንዲያ ሆኖ ነው። ስትጠሩት «እ?» የሚል፣ ቴሌቪዥን የሚያስጮህ፣ የሰው ከንፈር እያየ የሚያወራ፣ አንድ ጆሮውን የሚያዞር ልጅ ካላችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉልን።

ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ ጆሮን ይጠብቃል፣ ራሱም ወደ ውጭ ይወጣል። ክብሪት፣ የፀጉር ሽቦ፣ የእስክሪብቶ ክዳንና ላባ የሚያደርጉት ወደ ውስጥ መጠቅጠቅ ነው። ልጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ከከተተ ውኃ አታፍስሱበት፣ ያብጣል። የገባው የሰዓት ወይም የአሻንጉሊት ክብ ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላልና በዚያው ቅጽበት ወደ ሐኪም ሩጡ።

ጥፊን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። «ጆሮ ግንዱን በለው» ስንል የምንለውን እናውቃለን? የተዘረጋ መዳፍ የጆሮን ቀዳዳ ሲደፍነው በውስጡ ያለው አየር ታምቡሩን ሊቀድደው ይችላል። ስላልሰማ የተመታ ልጅ ከዚያ ወዲያ ከበፊቱ ያነሰ ይሰማል። በዚህ ግቢ ተማሪ የሚመታ መምህር አይኖርም፤ ከእናንተም ይህንኑ እለምናለሁ።

ውስጠኛው ጆሮ ሚዛናችንንም ይጠብቃል። ልጆች ተሽከርክረው ሲቆሙ ዓለም የሚዞርባቸው፣ በሦስቱ ቀለበት መሰል ቱቦዎች ያለው ፈሳሽ እነርሱ ከቆሙ በኋላም ስለሚንቀሳቀስ ነው። ከሌሎች ልጆች ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ፣ በጨለማ መሄድ የሚፈራ ልጅ ካለ ይህም መታየት አለበት። የስፖርት መምህራችን እግር ገጥሞ፣ ዓይን ጨፍኖ በማስቆም ያያሉ፤ የሚንገዳገድ ካለ ለሐኪም እንጽፋለን። አያቶች ሆናችሁ ልጆች የምታሳድጉ ደግሞ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጡ ቤቱ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ የሚሽከረከርባችሁ ከሆነ፣ ደም ማነስ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን ጠጠሮች ከቦታቸው ሲለቁ እንዲህ ያደርጋል። ሐኪም ራሳችሁን በተወሰነ መንገድ እያዞረ ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት ይመልሳቸዋል።

ምርመራው አያምም፣ መርፌም የለውም። መጀመሪያ በመብራት ቀዳዳውና ታምቡሩ ይታያል። ቀጥሎ ልጁ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ቀጭንና ወፍራም ድምፆች ያዳምጣል፣ ሲሰማ እጁን ያነሳል። በዙሪያችን ግንባታ ስለሚበዛ ጸጥ ያለውን የቤተ መጻሕፍት ክፍል ለዚህ ለይተናል፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ልጅ ለመውሰድ ስትመጡ በር ላይ ጥሩምባ እንዳትነፉ አደራ። በጉንፋን ምክንያትም ላይሰማ ስለሚችል ያላለፈ ልጅ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይታያል። ያኔም ካልሆነ ለጤና ጣቢያ ደብዳቤ እንሰጣችኋለን፤ ከዚያ እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይመራችኋል። የታናናሾቻቸውንም ክትባት አታሳልፉ፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባት ለጆሮ ሕመም ምክንያት ከሆኑት ጀርሞች አንዱን ይከላከላል።

ውጤቱን ለእናንተ ብቻ በታሸገ ፖስታ እንልካለን፣ ክፍል ውስጥ አይነበብም። የማይሰማ ልጅ ከተገኘ ከማግስቱ ጀምሮ የፊት ወንበር ላይ፣ ደኅና የሚሰማው ጆሮ ወደ መምህሩ ዞሮ ይቀመጣል፤ መምህራኑም ወደ ሰሌዳ ዞረው እንዳይናገሩ ተስማምተናል። ጆሮው የሚፈስ ልጅ ካላችሁ ግን ኅዳር 18ን አትጠብቁ። ጠዋት ከሰልፍ በፊት ቢሮ እገኛለሁ፤ መጥታችሁ ንገሩኝ፣ ለጤና ጣቢያው የሚሆነውን ደብዳቤ ያኔውኑ እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት