የአያቶቻችንን ስም እንጂ ሕመማቸውን አናውቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ካርድ አውጥተን ሐኪም ፊት ስንቀርብ ከምንጠየቀው አንዱ «በቤተሰብ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ካንሰር ያለበት ሰው አለ?» የሚለው ነው። አብዛኞቻችን ሳናስብ «የለም» እንላለን። ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ የቅድመ አያቶቻችንን ስም በቃላችን እንወርዳለን፣ አያታችን በምን እንደሞቱ ስንጠየቅ ግን «ትንሽ አሟቸው ነበር» ከማለት አናልፍም። የሚያውቁት ትልልቅ ሰዎች እያለቁብን ስለሆነ አሁኑኑ እንጠይቅ፣ እንጻፈውም እላለሁ።

አጠያየቁ ዘዴ ይፈልጋል። «አያቴ ስኳር ነበረባቸው ወይ?» ካላችሁ መልሱ «ኧረ በጭራሽ» ነው፤ በዚያን ጊዜ ማን መርምሯቸው! እኔ ትልቋን አክስቴን ቡና ላይ የጠየቅኳት እናቷን ምን ምን ያደርጋቸው እንደነበር ነው። «ውሃ አያረካትም ነበር፣ ሌሊቱን ስትወጣ ስትገባ ታነጋለች፣ ሰውነቷ እልቅ አለ፣ በኋላ እግሯን እሾህ ወግቷት ቁስሉ አልድን ብሎ በዚያው ሄደች» አለችኝ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚያወራው እሾህ ገደላቸው ብሎ ነው። ይህንኑ ለሐኪም ስነግረው፣ ሳይመረመሩ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም ስኳርን አጥብቆ ያስጠረጥራል ብሎ እኔም እህቶቼም በየጊዜው እንድንለካ ነገረን። «ምች መትቶት አንድ ጎኑ ዛለ፣ አፉ ተጣመመ» የሚባልለት አጎትም ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ከጀርባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ያላወቀው ደም ግፊት አለ።

ዕድሜም ይጻፍ። በ80 ዓመት የመጣ የልብ ሕመምና በ45 የመጣ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ከ40 ዓመቱ ጀምሮ፣ ወይም ዘመዱ በታመመበት ዕድሜ ላይ ሊደርስ 10 ዓመት ሲቀረው፣ ከሁለቱ በቀደመው ምርመራ እንዲጀምር ይመከራል። የልደት ቀን የት አለ እንዳትሉ። ጣልያን ሲገባ ስንት ዓመታቸው ይሆን ነበር፣ በ66ቱ አብዮት ልጅ ድረው ነበር ወይ፣ በ77 ድርቅ በሕይወት ነበሩ ወይ እያሉ መጠጋት ይቻላል። የአባት ወገንም አይዘለል፤ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጥ ዘር በአባት በኩልም ይመጣል። በየሣጥኑ በፌስታል ተቋጥሮ የተቀመጠ የሐኪም ወረቀትና የመድኃኒት ፓኬትም እባካችሁ አትጣሉ፤ ላዩ ላይ ሜትፎርሚን የሚል ካገኛችሁ ሰውየው የስኳር ታማሚ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ትልልቆቻችን የሚደብቁን ክፉ ሆነው አይደለም። «ዘራቸው እንዲህ ያለ ነገር አለበት» ከተባለ ልጅ አይዳርም፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መደበቁ ግን ምን እንዳስከፈለን በዝሆኔ እዩት። በባዶ እግር ቀይ አፈር መርገጥ የሚያመጣው የእግር እብጠት አንዳንድ ቤተሰብ ላይ እንደሚበረታ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምርም በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለው አሳይቷል። ይሁን እንጂ አፈሩን ያልነካ እግር በዚህ በሽታ አያብጥም። እንግዲህ በዚያ ቤት የሚወለድ ልጅ ገና ዳዴ ሳይተው ጫማ ሊገዛለትና እግሩን በየቀኑ ሊታጠብ ይገባ ነበር፤ እኛ ግን በሽታውን እርግማን አልነው፣ ቤተሰቡን አገለልን፣ እነሱም ደበቁት፣ ልጁም በባዶ እግሩ አደገ። ይህ በጣም ያንገበግበኛል። ለጎረቤት ይነገር አላልኩም፣ ደብተሩ እቤት ይቀመጥ፤ ልጆች ግን ይወቁት። ውጭ ሀገር ላሉትም በስልክ ይነገራቸው፤ እነሱም እዚያ ሐኪም ዘንድ ይጠየቃሉ።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በእንቁጣጣሽ እትማችሁ ተቆርጦ የሚወጣ ቅጽ አትሙልን፤ ስም፣ ዝምድና፣ ሕመሙ ወይም ምልክቱ፣ የጀመረበት ዕድሜ፣ የሞቱበት ዕድሜና ምክንያት ይኑረው። በዓል ላይ ዘመድ ሲሰበሰብ አንዱ ልጅ ይዞ እየጠየቀ ይሞላዋል።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ