ዘር ሳይጥል አይታጨድም፦ የተፈጥሮ ክበባችን ዓመት

የሌሎች ክበባት ዓመት መስከረም ላይ ተጀምሮ ሰኔ ላይ ያልቃል። የእኛ ኅዳር ላይ ተጀምሮ ኅዳር ላይ አለቀ። ሥራችን በትምህርት ቤቱ ግቢ የአደይ አበባ መስክ ማብቀል ስለነበር ሌላ ምርጫ አልነበረንም። የአደይ አበባ ዘር የሚደርሰው ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው። የምትበቅለው ክረምት ላይ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። የምትፈነዳው ደግሞ ሁላችንም በምዝገባ ስንሯሯጥ ነው። ስለዚህ ይህ ዘገባ ከአንዱ ኅዳር እስከ ሌላው ኅዳር ያለውን ይይዛል።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ለእንቁጣጣሽ አደይ ልንለቅም እስከ ዘንዘልማ ድረስ ሄድን። እናቴ ግን ልጅ ሆና ከጓሯቸው ነበር የምትለቅመው። የት ሄደች?»

መልሱ ግማሹ ቀላል ነው። ባሕር ዳር ሰፍታለች። ያኔ መስክ የነበረው ዛሬ ቤት ነው፣ ኮብልስቶን ነው፣ አጥር ነው። ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት። ሥሯ ለከርሞ አይተርፍም። ለሚቀጥለው መስከረም የሚተርፈው ዘሯ ብቻ ነው። ገና ፈክታ ሳለች ሁሉንም ከነቀልናት፣ ወይም «ግቢው ይጽዳ» ብለን መስቀል ሳይወጣ ካጨድናት፣ ዘር የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከተደረገ ቦታው ሣር ብቻ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ለልጆቹ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን 20 በ12 ሜትር ቦታ ሰጠን። ከዳር እስከ ዳር ሰርዶ የወረረው መሬት ነበር።

ኅዳር ላይ አራት ቅዳሜ ወደ ከተማው ዳርቻ ወጥተን ዘር ለቀምን። ዘሩ መድረሱን ማወቅ ከባድ አይደለም። ቢጫው ይረግፋል፣ የአበባዋ ራስ ጠቆር ይላል፣ በአውራ ጣት ሲነኩት ፍሬው ይበተናል። የማይበተን ከሆነ ገና ነው፣ ይተው። ከአንድ ቦታ ደግሞ ሁሉንም አንወስድም፤ አብዛኛውን ለመሬቱ ትተን ነው የምናልፈው። አደይ ብቻ አይደለም የለቀምነው። ዘመዷን ሜጭንም ጨመርን፤ ያቺ ኑግ የምትመስለውን፣ ንብ የምትወዳትን። ልጆቹ ዘሩን ከእናቶቻቸው ጋር ሆነው በሰፌድ አበጠሩት። የተጣራው 700 ግራም መጣ። በጨርቅ ከረጢት አድርገን ሰቀልነው። በፌስታል ቢሆን እርጥበት አፍኖ ያሻግተዋል።

አንድ ቀን የአደይን ቅጠልና አበባ ክፍል ውስጥ ዘርግተን በመርፌ በታተንናት። ልጆቹ በጣም ተገረሙ። አንድ አበባ የምንላት ነገር አንድ አበባ አይደለችም። መሐሏ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ጥቃቅን አበባዎች ናቸው። ዘር የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። ዙሪያዋን ያለው ሰፊው ቢጫ ንብን የሚጠራ ባንዲራ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አበባ ሲቀጥፉ እጃቸው ሲያመነታ አይቻለሁ።

ከዚያ መሬቱን ወደ ማዘጋጀት ሄድን። እዚህ ላይ ከልጆቹ ጋር ትልቅ ክርክር ነበረን። ሁሉም ፍግ ሊያመጡ ተነሱ። አንዱ ከጣና ዳር እምቦጭ አምጥተን ኮምፖስት እንሥራ አለ። የግቢያችን ጥበቃ፣ ከመሸንቲ አካባቢ የመጡ የገበሬ ልጅ፣ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው «ኧረ ተዉ ልጆቼ! መሬቱን ካሰባችሁት ሣሩ ነው የሚበላላችሁ። አደይ የሚያምርባት ጭንጫ ላይ ነው» አሏቸው።

ልክ ናቸው። የመስክ አበባ የሚፈልገው ደካማ መሬት ነው። መሬቱ ሲሰባ መጀመሪያ የሚነሣው ሣር ነው፤ አበባውን ከላይ ከልሎ ብርሃን ያሳጣዋል። በእንግሊዝና በዌልስ ከነበረው የአበባ መስክ 97 በመቶው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ጠፍቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ማረሻ ነው፣ ሌላው ማዳበሪያ ነው። ዛሬ እዚያ መስክ መልሰው የሚዘሩ ሰዎች ሣሩን ለማዳከም ከሣር ሥር ተጣብቃ የምትመጠምጥ ቢጫ አበባ አብረው ይዘራሉ። ያቺ አበባ የአቀንጭራ ዘመድ ናት። ማሽላችንን የሚጨርሰው አቀንጭራ! ልጆቹ ይህንን ሲሰሙ ለማመን ከብዷቸው ነበር።

የእምቦጩን ሐሳብ የተውነው ደግሞ በሌላ ምክንያትም ነው። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ምን እንዳደረገ የሐይቁ ዳር ልጆች ከእኔ በላይ ያውቁታል። አበባው ግን ያምራል። ሐምራዊ ነው፣ ለዓይን ይስባል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መሆኑን ስንነጋገር አንዲት ልጅ «ለዚህ ነው የራሳችንን የምንዘራው?» አለች። አዎ፣ ለዚህ ነው። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚህ መሬት ላይ ከሱቅ በፓኬት የተገዛ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘር መበተን አልፈለግንም።

በጋውን ሰርዶ ስንነቅል ከረምን። ሰርዶ እንደሚታወቀው ቁራጭ ሥር ከቀረ እንደገና ይነሣል። ስለዚህ በዶማ እየገለበጥን ሥሩን በእጅ ለቀምን። ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ልጆቹ «እንዝራ!» አሉ። አልፈቀድኩም። መሬት ውስጥ ተኝቶ የቆየው አረም መጀመሪያ ብቅ ይበል አልኳቸው። በሳምንቱ አረንጓዴ ሆነ። ላዩን ብቻ ጫር ጫር አድርገን አጠፋነው። ጠለቅ ብሎ መቆፈር ከሥር ያለውን ሌላ ዘር ወደ ላይ ያወጣል። ሁለተኛ በቀለ፣ ሁለተኛ ጫርነው። ይህ ሦስት ሳምንት ወሰደብን። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ከዚህ የበለጠ የጠቀመን የለም።

በዚያው መሐል ዘሩን ፈተንነው። 50 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ሶፍት ላይ ሳህን ውስጥ አስቀመጥን። በዘጠነኛው ቀን 33ቱ በቅለው ነበር። ለዱር ዘር ጥሩ ነው ብለን ወሰድነው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዘራን። ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ግራም፣ በጠቅላላው 480 ግራም። ይህን ያህል ትንሽ ዘር በእጅ እኩል መበተን አይቻልም። አንዱን ጣሳ ዘር ከአራት ጣሳ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቀልነው። አሸዋው የተዘራውን ቦታ ለይቶ ያሳያል። ግማሹን በቁመቱ እየሄድን፣ ግማሹን በአግድሙ እየሄድን በተንን። ከዚያ አልቀበርነውም። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ከዳር እስከ ዳር ረገጡት። የጤፍ ማሳ በከብት ሲረገጥ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ዘሩ አፈሩን አጥብቆ ይነካ እንጂ ጠልቆ መግባት የለበትም። ብዙ የገጠር ልጆች አሉን፤ ያን ቀን ለከተማዎቹ አስተማሪ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ክረምቱን በየሐሙሱ የመጡት ሰፈራቸው ቅርብ የሆነ ስድስት ልጆች ናቸው። ስማቸውን እዚህ ባልጽፍም ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሐምሌ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ከታች በኩል ያለውን ዘር ጠርጎ ቦይ ውስጥ ከተተው። የታችኛው ጥግ እስከ መጨረሻው ራቁቱን ቀረ። ለከርሞ እዚያ ላይ የድንጋይ እርከን እንሠራለን።

ትልቁ ፈተና ግን ቅንጨ አረም ነበር። ቡቃያ ሳለ ቅጠሉ እንደ አደይ የተሰነጣጠቀ ነው። «ቲቸር፣ ይቺ አደይ ናት ወይስ ቅንጨ?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ አብረን ተንበርክከን አየን። ቅንጨ መሬት ላይ እንደ ሳህን ተዘርግቶ ይተኛል፤ ቅጠሉ አመድማ ነው፣ ጸጉር አለው። አደይ ቀጥ ብላ ትነሣለች፤ ቅጠሎቿ ግንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ይህን ካወቁ በኋላ ከእኔ ይልቅ እነሱ ፈጣን ሆኑ። ቅንጨ ቆዳ ስለሚያሳክክ እጃቸው ላይ ፌስታል አድርገው ነው የነቀሉት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ለአዲሱ ዓመት ግቢውን እንዲያጸዳ የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ በማጭድ ከመስኩ አንድ ሦስተኛውን አጨደው። እምቡጥ ይዞ ነበር። በማግስቱ ስንደርስ ክምር ሆኖ አገኘነው። ከስድስቱ ልጆች አንዷ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። እኔም አፌ ተያዘ። ሰውየው ላይ ግን አልፈርድም። የታዘዘውን ነው የሠራው። ለማያውቀው ሰው ከአረም የሚለየው ምንም ምልክት አልነበረውም። ያንን ምልክት ማቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በዚያው ቀን በሰሌዳ ላይ «ዘር ሳይጥል አይታጨድም» ብለን ጽፈን አቆምን።

ያልጠበቅነው ደግሞ ሌላም ነበረ። ከታጨዱት ብዙዎቹ ሁለት ቅጠል የተረፈላቸው ነበሩ። ከየቅጠሉ ብብት አዲስ ቅርንጫፍ አወጡ። አጠር ብለው፣ ግን እጥፍ ቅርንጫፍ ይዘው መስቀል ካለፈ በኋላ አበቡ። ያልታጨደው ሲረግፍ እነሱ ጀመሩ። ንቦቹ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ምግብ አገኙ። በአካባቢያችን ትልቁ የማር ቆረጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የሚሆነው ከእነዚሁ ከአደይ፣ ከሜጭና ከኑግ አበባ የተነሣ ነው።

ጳጉሜን መጨረሻ ላይ መስኩ ቢጫ ሆነ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ በላይ ስትወጣ፣ ጤዛው ገና ሳይደርቅ፣ እዚያ የቆመ ሰው አይረሳውም። የሰፈር ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ለእንቁጣጣሽ አይለቀም ማለት አልቻልኩም። እንግጫና አደይ በሌለበት አዲስ ዓመት እኔም አላደግኩም። ስለዚህ ደንብ አወጣን፤ ከሦስት አንዱን ቅጠፍ፣ ሁለቱን ተው፣ ሥሩን አትንቀል። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ለእያንዳንዱ እንግዳ አስረዱ። ደንቡን የጣሰ አላየሁም።

ኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ላይ ራሳችን አጨድነው። የታጨደውን አንድ ሳምንት መሬት ላይ ተውነው፤ ሲደርቅ ዘሩ እዚያው ይራገፋል። ከዚያ አራግፈን ሁሉንም አወጣነው። ድርቆሹ እዚያው ቢበሰብስ መሬቱን ያሰባዋል፤ ተመልሰን ሣር ላይ ነን። ድርቆሹን ለጥበቃችን በጎች ሰጠናቸው። በአጥሩ ሥር አንድ ሜትር ስፋት ያለው ዳር ሳይታጨድ ቀርቷል። ደረቁ ግንድ ውስጥ የሚያድሩ ነፍሳት አሉ። እባካችሁ «ለምን አልጸዳም?» ብላችሁ አትንኩት።

ዘንድሮ ለቅመን ያበጠርነው ዘር 1 ኪሎ ከ900 ግራም ነው። ሜጯ ከጠበቅነው በጣም አነሰች፤ አደይ በልጣት ይመስለኛል። ከርሞ ለብቻዋ ጥግ እንሰጣታለን። የተረፈው ዘር በጨርቅ ከረጢት ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በቤቱ ደጃፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም በመንገድ ዳር መዝራት የሚፈልግ ተማሪ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ይምጣ። ባዶ ፖስታና አንድ ጣሳ ደረቅ አሸዋ ይያዝ። ፍግ አያስፈልግም።