ከመንቀያው በፊት ጥያቄው ይቅደም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዳማ ከተማ በጥርስ ሕክምና ሙያ የማገለግል ሰው ነኝ። ስለ ጥርስ መቦርቦር በተነሳ ቁጥር ምክሩ ሁሉ ለታካሚው ብቻ ስለሚሰጥ፣ እኛ ባለሙያዎቹ በየክሊኒካችን ልናስተካክለው ስለሚገባን አሠራር ጥቂት ለመጻፍ ፈለግሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡና «ዶክተር፣ የወተት ጥርሱ ስለሆነ ይንቀሉልኝና ይረፍ፤ ሌላ ይበቅልለታል» አሉኝ። ልጁን ያመመው ግን የወተት ጥርስ አልነበረም። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆን ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ የሚበቅለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነበር። ይህ ጥርስ ሲወጣ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጆች መብቀሉን አያስተውሉም፤ ከተነቀለም ምትክ የለውም። እናትየው ይህን ሳያውቁ የቀሩት ቸልተኛ ሆነው አይደለም። ከዚያ በፊት ልጁን ሁለት ጊዜ ጥርስ ሕክምና ወስደውት፣ ሁለቱንም ጊዜ ጥርስ ተነቅሎለት ሲመለስ፣ ምን እንደሚበላ፣ ሲተኛ ምን እንደሚጠጣ፣ ጥርሱን ማን እንደሚያጥብለት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሲጠየቁ የነገሩኝ ነገር ቀላል ነበር፤ ልጁ ማታ ማታ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ፣ አፉን ሳይታጠብ ይተኛል።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጥርስ ላይ የሚጋገሩት ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመነጫሉ፤ የአፍ ውስጥ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ ሲወርድም የጥርሱ የላይኛው ልባስ ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን አርግቦ የወጣውን ማዕድን ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ በእንቅልፍ ሰዓት ደግሞ ምራቅ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ ከስኳሩ መጠን ይልቅ በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ እንደሚገባ ማወቅ ለሐኪሙ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ከምግቡ ጋር አንድ ሲኒ ሻይ የሚጠጣ ሰውና ያንኑ ያህል ስኳር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚጎነጭ ሰው ጥርሳቸው እኩል አይጎዳም።

አንድ ወጣት የባጃጅ ሹፌር በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጥርስ አስሞልቶ፣ አምስተኛው ሲያመው ወደ እኔ መጣ። ሙሌቶቹ መጥፎ አልነበሩም። ነገር ግን ጫት ሲቅም ምሬቱን ለመቁረጥ ስኳርና ለስላሳ ያዘወትር እንደነበር ያወቅነው ተቀምጠን ስንነጋገር ነው። ጫቱን በአንድ ጊዜ እንዲተው ብነግረው ዳግመኛ እንደማይመለስ ስለተረዳሁ፣ «አንተ የምትችለው የትኛውን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ለስላሳውን በውኃ ለመተካትና ማታ ከመተኛቱ በፊት ፍሎራይድ (በልኩ ሲሆን ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ባለው የጥርስ ሳሙና ለመቦረሽ ተስማማን፤ ሳሙናውን ከተፋ በኋላም በብዙ ውኃ እንዳይጉመጠመጥ ነገርኩት። በሦስት ወሩ ሲመለስ አዲስ የተቦረቦረ ጥርስ አላገኘሁበትም። ጊዜው አጭር ስለሆነ ገና እየተከታተልኩት ነው።

ሁሉም የተጎዳ ጥርስ መቦርቦሪያ እንደማያስፈልገው አንባቢ ቢያውቅ እወዳለሁ። መበስበሱ ሲጀምር ጥርሱ ላይ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ምልክት ይወጣል፤ በዚህ ደረጃ ላይ በፍሎራይድና ልማድን በማስተካከል ሊቆም፣ ሊመለስም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ካካተታቸው አንዱ የሆነው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ደግሞ ሳይቦረቦርና ሳይወጋ በጥርሱ ላይ ተቀብቶ መበስበሱን በአብዛኛው ያቆማል። ሆኖም የተጎዳውን ቦታ ለዘለቄታው ያጠቁራል። ይህን ለእናትና ለልጅ አስቀድሞ ነግሮ ምርጫውን ለእነርሱ መተው የሐኪሙ ግዴታ ነው፤ ለአንዷ እናት ከመርፌ የሚገላግል በረከት የሆነው ነገር ለሌላዋ የልጇን ፈገግታ የሚያሳጣ ሊሆን ይችላልና። ኤሌክትሪክ ለማይደርስባቸው ቦታዎችም፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በታንዛኒያ የተጀመረው፣ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ የመሙላት ዘዴ አለ።

በእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ የግድ ነው፤ ታካሚው ያደገው የየትን ውኃ እየጠጣ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ። ወንጂና ዝዋይ አካባቢ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው የበለዘው በዚህ ምክንያት ነው። የበለዘ ጥርስ ሁሉ የበሰበሰ አይደለም። ልዩነቱን ሳይለይ ጤነኛ ጥርስ የሚቦረቡር ባለሙያ ካለ የሚያደርሰው ጉዳት የሚጠገን አይደለም። በእነዚህ ቦታዎች ትንንሽ ልጆች የጥርስ ሳሙና እንዳይውጡ ከሌላው ቦታ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል ይበቃል።

ታዲያ ባለሙያው ለምን አይጠይቅም? የማያውቅ ሆኖ አይመስለኝም። ክሊኒክ ገቢ የሚያገኘው ከነቀለውና ከሞላው ነው፤ ከታካሚ ጋር ለመነጋገር የሚያልፈው ሩብ ሰዓት ግን በደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ደጅ ላይ ደግሞ ሕመም ያስጨነቃቸው ሌሎች ተሰልፈዋል። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ያኔ ምክንያቱን ሳልጠይቅ የነቀልኳቸውን የሕፃናት ጥርሶች ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ምክርና ክትትል ራሱን የቻለ የሕክምና አገልግሎት ሆኖ ዋጋ እንዲወጣለትና በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንዲሸፈን የሚመለከታቸው ኃላፊዎች እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ።

ከዚያ ባነሰ ወጪ ነገ ሊጀመር የሚችል ሥራም አለ። ሕፃናት በዘጠኝ ወራቸው የኩፍኝ ክትባት ለመውሰድ ወደ ጤና ኬላ ይመጣሉ፤ በዚያ ዕድሜ የብዙዎቹ የፊት ጥርሶች በቅለዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ነጩን ምልክት ብትፈልግና እናቱን «ማታ በጡጦ ምን ትሰጪዋለሽ?» ብላ ብትጠይቃት፣ የሚወስድባት ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥርስ ሐኪም፣ ከአዳማ